ለፈጣን የቤት አውቶሞቢል ተስማሚ የሆነ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት አመራረጥ፦ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚገኙ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

አጠቃላይ መግለጫ

ከመደበኛው የቤት አውቶሞቢል ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ተሽከርካሪ የያዘ ባለንብረት ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ ሊያሻሽለው የሚፈልገው ፍሬኑን ነው። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ሆኖም በመለዋወጫ ገበያ «ስፖርት» ወይም «የውድድር» ተብሎ የሚሸጥ ሸራ ሁሉ ለአዲስ አበባ መንገድ ተስማሚ አይደለም። ዋጋው ከፍ ያለ ሸራ የተገጠመለት፣ ነገር ግን የፍሬን ዘይቱ ለዓመታት ያልተቀየረ ተሽከርካሪ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሊያጣ ይችላል።

በቦሌ፣ በለሚ ኩራና በየካ ክፍለ ከተሞች የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ሁለት የተለያዩ የፍሬን ሥራዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው በመገናኛ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በቦሌ መንገዶች በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ በቀዝቃዛ ፍሬን በተደጋጋሚ መቆም ነው። ሁለተኛው ከከተማ ሲወጣ የሚያጋጥመው ቁልቁለት ነው። በአያትና በለገጣፎ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ደግሞ ከከፍተኛ ፍጥነት ላይ መቆምን ይጠይቃል። ተስማሚ የሚባለው ፍሬን ሁለቱንም ሥራዎች የሚችል ነው። ለዚህም ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ አዲስና ተገቢ ደረጃ ያለው የፍሬን ዘይት፣ ቀጥሎ በቀዝቃዛም በሞቀም ጊዜ የሚይዝ የመንገድ ሸራ፣ በመጨረሻም ትክክለኛ አነዳድ ነው።

ፍሬንና ሙቀት

ፍሬን የተሽከርካሪን የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚያስተናግደው ሙቀት በአራት እጥፍ ያድጋል። 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሚደርስ ፍጥነት ሲቆም ወደ 190 ኪሎ ጁል፣ ከ120 ኪሎ ሜትር ሲቆም ደግሞ ወደ 780 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይፈጠራል።

ቁልቁለት ከዚህም የከበደ ነው። ይኸው ተሽከርካሪ 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር የሚተካከል ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 40 ሊትር ገደማ ውሃ ከክፍል ሙቀት እስከ መፍላት ያደርሳል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን የአየር ግፊያና የሞተሩ ፍሬን ይሸከማሉ፤ አሽከርካሪው በፔዳሉ ላይ ብቻ ከተማመነ ግን አብዛኛው በዲስኩና በሸራው ላይ ያርፋል።

ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሁለት ዓይነት ብልሽት ይከሰታል። አንደኛው የሸራ መዛል ነው፤ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ ሳለ ተሽከርካሪው አይቆምም። ሁለተኛው የዘይት መፍላት ነው፤ በካሊፐሩ ውስጥ ያለው ዘይት ፈልቶ እንፋሎት ስለሚፈጥርና እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። የሸራ መዛል ቀስ በቀስ የሚሰማ በመሆኑ ለአሽከርካሪው ጊዜ ይሰጣል። የዘይት መፍላት ግን በድንገት የሚመጣ በመሆኑ የበለጠ አደገኛ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህ በፍሬን ላይ ሦስት ውጤቶች አሉት።

1. የመፍያ ነጥብ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ከቆላ ይልቅ በደጋ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። የፍሬን ዘይትም በተመሳሳይ ሁኔታ በጣሳው ላይ ከተጻፈው ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል።

2. ፍሬን ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ዲስኩን የሚያቀዘቅዘው አየር የሳሳ በመሆኑ የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው።

3. የፍሬን አጋዥ ጉልበት ይቀንሳል። በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች የፔዳሉን ኃይል የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ መሳብ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው አየር ግፊት ዝቅተኛ በሆነበት ከፍታ እገዛው ስለሚቀንስ አሽከርካሪው ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይኖርበታል። በዚህም ምክንያት በቀዝቃዛነቱ በደንብ የማይዝ ሸራ በአዲስ አበባ ይበልጥ ያስቸግራል።

የፍሬን ዘይት አመራረጥ

ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የተባሉት የፍሬን ዘይቶች ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባሉ። ውሃ በገባባቸው መጠን የመፍያ ነጥባቸው ይወርዳል። ስለሆነም እያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ የመጀመሪያው ለአዲስ ዘይት፣ ሁለተኛው 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ለሳበ ዘይት ነው። ደረጃው የሚጠይቃቸው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥቦች በዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚከተለው ናቸው።

• ዶት 3፦ አዲስ 205፤ ውሃ የሳበ 140
• ዶት 4፦ አዲስ 230፤ ውሃ የሳበ 155
• ዶት 5.1፦ አዲስ 260፤ ውሃ የሳበ 180
• ዶት 5፦ አዲስ 260፤ ውሃ የሳበ 180። ይህ ሲሊከን ሲሆን ሐምራዊ ቀለም አለው።

ከእነዚህ ቁጥሮች እንደሚታየው ለዓመታት ሳይቀየር ቆይቶ ውሃ የሳበ ዶት 5.1 (180) አዲስ ከሆነው ዶት 3 (205) ቀድሞ ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ከዘይቱ ደረጃ ይልቅ አዲስነቱ ይቀድማል።

በምርጫ ወቅት የሚከተሉትን ማገናዘብ ይገባል።

• በዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ወይም በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ደረጃ መነሻ ነው። ከተጻፈው ደረጃ በታች መውረድ አይፈቀድም።
• ዶት 3 ለሚጠይቅ አውቶሞቢል አብዛኛውን ጊዜ ዶት 4 መጠቀም ይቻላል፤ ለቁልቁለት ጉዞም የተሻለ ነው።
• ኤ.ቢ.ኤስና የመረጋጊያ ሥርዓት ያላቸው አዳዲስ አውቶሞቢሎች ብዙውን ጊዜ ቀጭን ዶት 4 ይጠይቃሉ። ወፍራም ዘይት የሥርዓቱን ፈጣን ምላሽ ስለሚያዘገይ፣ የመፍያ ነጥቡ ከፍተኛ ስለሆነ ብቻ ሊመረጥ አይገባም።
• ዶት 5 ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ በስሙ መመሳሰል ምክንያት ከዶት 5.1 ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።
• ከ300 ዲግሪ በላይ የመፍያ ነጥብ ያላቸው የውድድር ዘይቶች በተደጋጋሚ እንዲቀየሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በየቀኑ ለሚነዳና በየጊዜው ለማይቀየርለት ተሽከርካሪ ጥቅማቸው አነስተኛ ነው።
• የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት ወይም ማንኛውም የማዕድን ዘይት በፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ ፈጽሞ ሊጨመር አይገባም። የጎማ መክደኛዎችን አሳብጦ ሙሉውን የፍሬን ሥርዓት ያበላሻል።

አምራቹ ከዚህ ያጠረ ጊዜ ካልወሰነ በስተቀር የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መቀየር ይኖርበታል። በማጠራቀሚያው ውስጥ የጎደለውን መሙላት መቀየር አይደለም፤ ሙቀት የሚያገኘው ዘይት በካሊፐሩ ውስጥ ያለው አሮጌው ዘይት ነውና። ዘይቱ በድንገት የሚጎድል ከሆነም ከመሙላት በፊት መንስኤው ሊጣራ ይገባል፤ ሸራው አልቆ ወይም ዘይቱ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

የፍሬን ሸራ አመራረጥ

ኦርጋኒክ ሸራ። ድምፅ አልባ ነው፤ ዲስክን አይጎዳም፤ በቀዝቃዛነቱም ይይዛል። ከፍተኛ ሙቀትን ግን አይቋቋምም። በከተማ ብቻ ለሚንቀሳቀስ ቀላል አውቶሞቢል በቂ ነው።

ከፊል ብረታማ ሸራ። የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት በመሆኑ ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል። በአንጻሩ ድምፅ ሊያሰማ፣ ጥቁር ብናኝ ሊያበዛና ዲስኩን ፈጥኖ ሊበላ ይችላል። ለፈጣን አውቶሞቢልና ለተደጋጋሚ ቁልቁለት ጉዞ ተመራጭ ከሚባሉት መካከል ነው።

ሴራሚክ ሸራ። ብናኙ አነስተኛ፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሴራሚክ ሸራዎች የተሠሩት ለምቾት እንጂ ለፈጣን አነዳድ አይደለም። «ሴራሚክ» የሚለው ቃል ብቻውን የብቃት ማረጋገጫ አይሆንም።

የመንገድ ስፖርት ሸራ። አምራቹ ለመደበኛ መንገድ የሠራው ሆኖ፣ ከመደበኛው ሸራ ከፍ ያለ ሙቀት የሚችልና በቀዝቃዛነቱም የሚይዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለተጠቀሱት ሁለቱም ሥራዎች ተስማሚው ይህ ነው።

የውድድር ሸራ። በቂ መያዝ የሚጀምረው በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው። ማለዳ ከአያት ተነስቶ በመጀመሪያው የእግረኛ ማቋረጫ ላይ በድንገት መቆም ያለበት ተሽከርካሪ በዚህ ሸራ የሚቆምበት ርቀት ሊረዝም ይችላል። ለመንገድ አገልግሎት አይመከርም።

ሸራ ሲገዛ የሚከተሉትን ምልክቶች ማንበብ ይጠቅማል። በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ላይ የግጭት መጠንን የሚያመለክቱ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይገኛሉ። የመጀመሪያው ፊደል በቀዝቃዛ፣ ሁለተኛው በሞቀ ጊዜ ያለውን ያሳያል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ያመለክታሉ። «ኤፍኤፍ» የተባለ ሸራ ሲሞቅም በዚያው ደረጃ የሚቆይ ሲሆን፣ «ኤፍኢ» የተባለው ሲሞቅ የሚደክም ነው። ፊደላቱ ስለ ዕድሜው ወይም ስለ አሠራሩ ጥራት አይናገሩም። «ኢ.ሲ.ኢ አር 90» የሚለው ምልክት ደግሞ ሸራው ከተሽከርካሪው የመጀመሪያ ሸራ ጋር ተነጻጽሮ በ15 በመቶ ወሰን ውስጥ ተቀራራቢ ብቃት እንዳለው በአውሮፓ ደረጃ መፈተኑን ያሳያል።

በአንድ አክስል ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ሸራዎች አንድ ዓይነት ሆነው በአንድ ጊዜ መቀየር አለባቸው። የኋላውን ብቻ በጠንካራ ሸራ መተካት ተሽከርካሪው በእርጥብ መንገድ ላይ ከኋላ እንዲንሸራተት ሊያደርግ ስለሚችል መወገድ ያለበት ተግባር ነው። ፍሬን ምንም ያህል ቢሻሻል ተሽከርካሪውን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው መያዝ በመሆኑ፣ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ሳይቀየር ሸራ ማሻሻል ትርጉም የለውም።

በግዥ ወቅት መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

• ሸራ በተሽከርካሪው የሻንሲ ቁጥር መሠረት መታዘዝ አለበት፤ ከአሮጌው ሸራ ጋር በቅርጽና በመጠን መመሳከርም ይኖርበታል።
• ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ የአምራቹ ስምና የምርት መለያ ቁጥር ያለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት።
• የፍሬን ዘይት ክዳኑ በታሸገ ጣሳ ብቻ ይገዛል። ከትልቅ ዕቃ ተቀድቶ የሚሸጥ ወይም ተከፍቶ የቆየ ዘይት እርጥበት የሳበ በመሆኑ ጥቅም ላይ አይውልም።
• እንደ ሶማሌ ተራ ባሉ የመለዋወጫ ገበያዎች የሚገኙ ያገለገሉ ዕቃዎች ለብዙ ባለንብረቶች ጥቅም ይሰጣሉ። ነገር ግን የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦና የፍሬን ዘይት አዲስ መሆን አለባቸው።
• በአሮጌ ብረት ላይ አዲስ ሸራ በማጣበቂያ የተለጠፈበት ዕቃ በከፍተኛ ሙቀት ሊላቀቅ ስለሚችል ለፈጣን አውቶሞቢል አይመረጥም።
• ደረሰኝ መቀበልና መያዝ ያስፈልጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃና ደረሰኝ የማግኘት፣ ጉድለት ሲገኝም የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ደረሰኝ የሌለው ሸማች ይህንን መብት ለማስከበር ይቸገራል።

ገጠማና ማለማመድ

የፍሬን ሥራ ልምድ ባለው መካኒክ መከናወን ያለበት ሲሆን፣ ባለንብረቱ የሚከተሉትን መከታተል ይችላል።

1. የዲስኩ ውፍረት ይለካል። ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት ብዙውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ ይቀየራል።
2. የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ተጠርገው ለዚሁ በተዘጋጀ ግሪስ ይቀባሉ። የተጣበቀ ካሊፐር አዲስ ሸራን በአጭር ጊዜ ያቃጥላል።
3. የፍሬን ብናኝ በአየር መንፊያ አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የቆዩ ሸራዎች ለሳንባ ካንሰር የሚያጋልጥ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል።
4. ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ አየር ከአራቱም ጎማዎች ይወጣል። በቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀለሙን ስለሚያነሳ ወዲያውኑ በውሃ ይታጠባል።
5. ተሽከርካሪው ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ በተደጋጋሚ ይረገጣል። ይህ ከተዘነጋ የመጀመሪያው ርግጫ ፍሬን ላይዝ ይችላል።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መለማመድ አለበት። አምራቹ ሌላ መመሪያ ካልሰጠ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ በመካከለኛ ኃይል ማዘግየት፣ በየመካከሉ ጥቂት መንዳት፣ በመጨረሻም ፍሬን ሳይነኩ ለአሥር ደቂቃ ያህል እየነዱ ማቀዝቀዝ በቂ ነው። በዚህ ሂደት ውስጥ ፍሬኑ ሞቆ ሳለ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ፔዳሉን ረግጦ መያዝ አይገባም።

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች

በቦሌና በአካባቢው ቁጥራቸው እየጨመረ የመጣው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በሚዘገዩበት ጊዜ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልሱ ሸራቸው ቀስ ብሎ ያልቃል። ይሁን እንጂ ሁለት ነጥቦች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ቁልቁለት የሚጀምር ተሽከርካሪ ጉልበቱን የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ በሙሉ በሸራው ላይ ይወድቃል፤ ከቁልቁለት በፊት ባትሪውን እስከ 100 በመቶ አለመሙላት ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ሸራው ባያልቅም የፍሬን ዘይቱ እርጥበት መሳቡን ስለማያቆም በጊዜው መቀየር አለበት።

በቁልቁለት ላይ

ከጣርማበር፣ ከእንጦጦ ወይም በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደሚገኘው የዓባይ ሸለቆ የሚወርድ አሽከርካሪ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መቀነስ አለበት። አውቶማቲክ ተሽከርካሪም ዝቅተኛ ማርሽ መምረጫ አለው። ፍሬን ሳያቋርጡ በስሱ ረግጦ መውረድ ሙቀቱን ስለሚያከማች፣ ጠንከር አድርጎ በማዘግየት ከዚያም ፔዳሉን በመልቀቅ ለፍሬኑ የመቀዝቀዣ ጊዜ መስጠት ይገባል። ማርሽ አውጥቶ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ የሞተሩንም ሆነ የሰርቮውን እገዛ ስለሚያሳጣ እጅግ አደገኛ ነው።

የተቃጠለ ሽታ ከተሰማ ወይም ጭስ ከታየ ደህንነቱ በተጠበቀ ስፍራ ቆሞ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ዲስኩን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ክልክል ነው። ፔዳሉ ወደ ወለሉ ከወረደ በፍጥነት ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ በየደረጃው መቀነስና የእጅ ፍሬንን ቀስ በቀስ መሳብ ያስፈልጋል። ፔዳሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢመለስም፣ አንድ ጊዜ የፈላ ዘይት ሳይቀየር ጉዞ መቀጠል የለበትም።

ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የተሽከርካሪ ምርመራን የደነገገ ሲሆን፣ ቦሎ ለማግኘት ከሚፈተሹት ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ፍሬን ነው። በመመርመሪያው ሮለር ላይ የሚታየው የፍሬን ኃይልና በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህ ፍተሻ የሚካሄደው በቀዝቃዛ ፍሬንና በዝቅተኛ ፍጥነት በመሆኑ፣ ምርመራውን ማለፍ የፍሬን ዘይቱ አዲስ መሆኑን ወይም ሸራው ረጅም ቁልቁለትን የሚቋቋም መሆኑን አያረጋግጥም። ይህንን ማረጋገጥ የባለንብረቱ ድርሻ ነው። ከሸራና ከዘይት አልፎ ትላልቅ ዲስኮችንና ካሊፐሮችን ለመግጠም የሚያስብ ባለንብረት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን ጽሕፈት ቤት ማማከር ይጠበቅበታል።

ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ሸራ መቼ ይቀየራል? የሸራው ውፍረት ከብረቱ በስተቀር 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር ይመከራል። ረጅም ቁልቁለት ያለበት ጉዞ ከታሰበ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ መቀየር ይሻላል፤ የሳሳ ሸራ ሙቀትን ወደ ዘይቱ ፈጥኖ ያስተላልፋል።

ፍሬን ሲያዝ መሪው ቢንቀጠቀጥ ምክንያቱ ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የዲስክ ውፍረት መዛባት ወይም የሸራ ቅሪት በዲስኩ ላይ ተለጥፎ መቅረት ነው። ሸራ መቀየር ብቻውን አያስተካክለውም።

ለሁለቱም በቂ ገንዘብ ከሌለ የትኛው ይቅደም? ሸራው ገና ያላለቀ ከሆነ ዘይቱ ይቅደም። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየን ዘይት መቀየር ከሸራ ማሻሻል በአነስተኛ ወጪ የሚከናወን ሲሆን፣ በቁልቁለት ላይ ፍሬንን በድንገት የሚያሳጣውን የዘይት መፍላት ይከላከላል። ያለቀ ሸራ ያለው ተሽከርካሪ ግን ሁለቱም እስኪሟሉ ድረስ ከከተማ ለቁልቁለት ጉዞ መውጣት የለበትም።